የስፌት ፍቺ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከሸማ ተራው ዝቅ ብሎ፣
ቆርቆሮው የዛገ በር አለ፤ የኔ ነው።
ሃያ ስድስት ዓመት ሲንጀሬን ረግጫለሁ፣
የስንቷን ሙሽራ ወገብ አጥብቤያለሁ፣
የስንቷን እርጉዝ ቀሚስ ጎኑን ፈትቻለሁ።
የጠበበ ልብስ ምን ገዶኝ!
ምላጬን ይዤ፣ ክሩ ላይ ጎንበስ ብዬ፣
ጨርቁን ሳልነካ መፍታት ነው ሥራዬ።

አምስተኛዬን ከወለድኩ ወዲህ ማህፀኔ ወረደ።
ሰባት ዓመት በመቀነት ጥፍር አርጌ ይዤው ኖርኩ፣
ደንበኛ ፊት እየሳቅሁ፣ ፔዳሉ ላይ እየነደድኩ።
ኋላ ሆስፒታል ገባሁ።
ቆረጡ፣ ሰፉ፣ ለቀቁኝ።

ልጅ እግር ነው ሐኪሙ፤ ዓይኑን ካርዴ ላይ ተክሎ፣
«ለስድስት ሳምንት ግንኙነት የለም» አለኝ ቶሎ ብሎ።
ግንኙነት! ከማን ጋር? ከጎረቤት? ከዕቁቤ?
ገብቶኛል እንጂ።
የዋጥኩት ጥያቄ ሌላ ነው፤ እስካሁን አለ ከልቤ፦
ሰባተኛውስ ሳምንት?

ሰባተኛው መጣ።
እንግዳው ታጥቦ ገባ፤ ሸሚዙ እኔ የሰፋሁት።
እናቱ ይህን ስም ስታወጣ ምን ታይቷት ነበር?
ያን ሌሊት ነው የጠየቅሁት።
እንግዳ ሆነብኝ። ወይስ እንግዳዋ እኔ ነኝ፣
ቁልፉ በተለወጠ በገዛ ቤቴ ጓዳ?
ደረቅ ነው፣ እንዳልታጠበ አቡጀዲ።
ስፌቱ ያለበት እንደ መርፌ ይወጋል፤
ሌላው ደግሞ ምንም። ጭራሽ።
በደነዘዘ ጣት የሰው ገላ እንደ መንካት።
ጥርሴን ነከስኩ። ሰማ። ተነሣ።
ከግድግዳው ተለጥፎ ተኛ።

ከዚያ ወዲያ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ
ባዶውን ከረመ፣ ሌሊት በሌሊት።
እኔም መርፌ እየሰካሁ ለራሴ፦
የጠበበ ጨርቅ ይፈታል፤
እኔንስ ማን ይፈታኛል?
ሰማችኝና ጎረቤቴ አንጓች፣
ከሁለቱ ፍቺ አንዱን ብቻ ይዛ፣
«ኧረ እሱ አይፈታሽም!» አለች።

ሲስተር እማዋይሽ ናት በሩን ዘግታ የጠየቀችኝ፦
«ከባልሽ ጋር እንዴት ነሽ?» እንደ ዋዛ፣ ጓንቷን እያወለቀች።
አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
አለቀስኩ። አላባበለችኝም።
«ነርቭ ይደነግጣል፣ ገላ ይደርቃል፤ ያንቺ ብቻ አይደለም፤
ስንቷ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ የምትናገር ግን የለም።»
ቅባት ሰጠችኝ። ሽንት እንደሚይዝ ሰው
መጨበጥና መልቀቅ አስተማረችኝ፤
«ላንቺ መልቀቁ ይበልጣል» አለች፤
«ደግሞ ንገሪው። የሚያውቅ መስሎሻል?»

ጥር ሊገባ ነው። እንግዳው ሊወስደኝ መጣ፤
ባጃጁን ፋሲል መዋኛ አጠገብ አቆመልኝ።
ከቀሀ ውኃ ሊለቁ ቦዩን ይጠርጋሉ፤
ገንዳው ገና ደረቅ፣ ቅጠል ለብሶ።
«እስኪሞላ ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኩት።
«ኧረ ቀን ከሌት ነው! ያውም ቦዩ ካልተደፈነ።»
ስለ ውኃ አልነበረም የጠየቅሁት።
ከዚያ ነገርኩት። ደረቁን፣ የሚወጋውን፣ የደነዘዘውን፣
ስሙ የማይጠራውን ቦታ ስሙን ጠርቼ።
መሪውን እንደያዘ ቆየ፤
ሞተሩ ከጠፋ ቆይቷል።
«የሰፉትን የምተረትር መስሎኝ ነው» አለ፣
«ግድግዳ ያቀፍኩት።»

የድሮው አልመጣም። አልዋሽሽም፣ አንቺ የምታነቢ።
የሚመጣም አይመስለኝ።
ቅባቱ ሲያልቅ የፋርማሲው ልጅ ያፍራል፤ እኔ አላፍርም።
አንገቴ ሥር፣ ክንዴ መታጠፊያ ላይ፣
ሃያ ዓመት ማንም ያልደረሰበት አገር አለኝ ለካ!
እጁ ይጠይቃል፤ እኔ እመልሳለሁ፦
«ቆይ»፣ «እዚህ»፣ አንዳንዴም «በቃ»።
በቃ ስል በቃ ነው።
ባለፈው መሐል ላይ ሳቅ ያዘን፣
ልጆቹ እንዳይነቁ ትራስ ነከስን።

ዛሬ የአንዷን ቀሚስ ጎን ስፈታ አንጓች መጣች፤
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዳውስ?» አለች።
«ፈታኝ» አልኳት።
እጇን በአፏ ጫነች።
ክሩን ሳብኩት፤ እስከ ጫፉ ድረስ መጣ።